የዳፑ በር

የወረዳው ጤና ቢሮ መዝገብ ቤት ነበርኩ፤
ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ።
አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ በግመል ጋሪ፣
በር መጣልኝ፤
ከነማጠፊያው፣ ከነምስማሩ፣ ከነፍየሎቹ ጠረን።
«ፈርመህ ተቀበል» አለችኝ ዳፑ ባይ።
በር በምን ቁጥር ይገባል?
በየትኛው ፋይል ይታሰራል?

ከሎሃርዳ ነው አመጣጧ፣
ከራጃስታን ቀይ ድንጋይ መንደር።
ለሌላው ተረት ነው፤ ለእነሱ ግን
ድንጋይ ዳቦ ነው እስከ ዛሬ፤
ሲነጋ ይፈለጣል፣ ሲመሽ ይበላል።
አቧራውም ፈላጩን
ከውስጥ በኩል፣ ሳይቸኩል፣
እንደ ብል ይበላል።

ፊደል አልቆጠረችም ዳፑ፤
ከሰል መያዝ ግን ታውቃለች።
ባሏ ሃርጂ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣
መተኛት አቅቶት ቁጭ እንዳለ በሞተ ማግስት፣
የፍየሎቹ ቤት በር ላይ
የመጀመሪያዋን መስመር አሰመረች።

ከዚያ ወዲያ ሌሊት ሌሊት፣
ሱጊና ኬሊን አስከትላ፣ ሦስት መበለት፣
በየግድግዳው ጥግ ቆመው ያዳምጣሉ።
ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፤
ሳል ይዞ «ደኅና ነኝ» ማለትም አይሆንም።
ሁለት ሳምንት ለሳለ፣ አንድ መስመር።
ከጉድጓዱ እስከ ደጁ
ሦስቴ ሳያርፍ ለማይደርስ፣ ከመስመሩ ራስ ላይ ነጥብ።
ለሞተ፣ አግድም ጭረት።

እኛስ ምን ጽፈን ነበር?
መዝገቡን ገለጥኩት፦
«ሳንባ ነቀርሳ። ሳንባ ነቀርሳ። ሳንባ ነቀርሳ።»
የስድስት ወር ክኒን። «አልተሻለውም።» «ጠፍቷል።»
አልጠፉም።
በሩ ላይ ናቸው።

ዶክተር ናንዲታ ወጥታ፣
አቧራው ላይ ተንበርክካ በሩን አነበበች፤
በጣቷ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።
«ሴቶቹስ?» አለች።
«ሴቶቹ አይስሉም» አለች ዳፑ፤
«በአንድ ምንጣፍ ተኝተን፣ በአንድ ጣሳ ጠጥተን፣
መዶሻ የያዘው ብቻ ይስላል።
ተላላፊ ቢሆን ኖሮ እኔን ይተወኝ ነበር?»
ዶክተሯ መልስ አልነበራትም።
መልሱ በጋሪ ነበር የመጣው።

ከግርጌ አንዲት መስመር አየሁ፤
ቀጭን፣ የተንቀጠቀጠች።
«ይቺስ የማን ናት?»
«የቢርማ። የልጄ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»
ዝም አለች። ግመሉ አመነዠከ።
«አራት ሌሊት ጆሮዬን በነጠላዬ ደፈንኩ፤
በአምስተኛው ኬሊ ከሰሉን ይዛ መጣች።
‹እኔ ላስምርልሽ?› አለችኝ።
እንቢ አልኳት።
እናት ናት የምታሰምረው።»

ከዚያ የሆነው ቀርፋፋ ነው፤ ቢሮ ነውና።
ራጅ ተነሳ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሻይ ተጠጣ።
ለመሰርሰሪያው ውኃ እንዲረጭ ታዘዘ፤
ውኃ ሲጠጣ ድንጋዩ አይጨስም።
ቢርማ መዶሻውን አስረክቦ
የውኃ በርሜል ይነዳል፤
ይስላል፣ ግን ይነዳል።

ዳፑ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፦
«በሬ መቼ ይመለሳል?
በጆንያ ጋርጄ ፍየሎቼ እየወጡብኝ ነው።»
በስምንተኛው ወር እኔው ይዤላት ሄድኩ።
ማጠፊያውን ሳትጠብቅ
በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣
ከጀርባው በኩል ክብ መሳል ጀመረች፤
ውኃ ለሚረጭ ቁፋሮ ሁሉ፣ አንድ ክብ።
አራት ክብ ሆነ።
ቁፋሮው ሃያ ሰባት ነው።

ቢሮ ተመልሼ፣ ብዕሬን አንስቼ፣
ያኔ ባዶ የተውኩትን መስመር ሞላሁ፦
«በር፣ አንድ፣ ከነጭረቱ።
ገቢ ሆኖ ወጪ የተደረገ።
ያላለቀ።»