ገብስማ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ማለዳ ተነሥቼ፣
የጣናን ከፍታ፣ ከልኬቱ አይቼ፣
ሴንቲሜትሩን በእርሳስ፣ መዝገብ ላይ ጽፌያለሁ፤
ቅጹ ላይ ለቀለም፣ ቦታ መች አግኝቻለሁ?
ዓይን ግን ሥራ አይፈታም፤ ቁጥሩን መዝግቦ፣
ያልታዘዘውንም፣ ያስቀምጣል ሰብስቦ።

ነሐሴ ላይ ጉማራ፣ ጭቃውን ሲተፋ፣
አተላ ይመስላል፣ ዳር ዳሩ እየሰፋ፤
ጥር ላይ ረግቶ፣ ዝም ሲል እንደ ዳኛ፣
ዳለቻ በሬ ነው፣ አመንዥኮ የተኛ።
ደንገሉ ታጭዶ፣ አረንጓዴው ሲለቅ፣
ቡላ ነው? ዳማ ነው? ለስም የሚያስጨንቅ።

ይህን ያህል ሳውቅ፣ ስለ ውሃው መልክ፣
የገዛ ፊቴን ግን፣ መቼ አውቄው በልክ።

«ዘንድሮስ አባባ፣ ካኪውን ተውና፣
ሙሉ ልብስ ይሰፋልህ፤ ሠርጌ ደረሰና»
አለችኝ ሰዋገኝ፣ እጄን እየሳበች፤
ሽምብጥ ስንደርስ ቆማ፣ እኩያዬ አንጓች
በሯ ላይ ክር ትልሳለች።

ሰዋገኝ ጥቁር ሱፍ፣ ገዝታ ይዛ ነበር፤
«የሙሽራ አባት ወጉ፣ ይኸው ነው በሀገር።»
አንጓች ሱፉን ትታ፣ ፊቴን አየችና፣
«አምፖል ውሸታም ነው፤ ከውጭ እንየው፣ ና»
ብላ ዘንቢል ሙሉ፣ ቁርጥራጭ አንጠልጥላ፣
ሐይቁ ዳር አቆመችኝ፣ ከዋርካው ጥላ።

ጥቁሩን አስጠጋች። «ዓይኑስ ገባ ወዴት?
ጥቁር ለሱ ጉድጓድ ነው፤ ፊቱ ሰጠመበት።»
ነጩን ደገፈችው። «ይሄ ደግሞ ይጮኻል፤
ሳቢሳ ላይ ያምራል፤ እሱን ግን ያስረጃል።»
ግራጫው ሲቀርብ ግን፣ ሁለቱም ዝም አሉ፤
«ጋሼ፣ ተሻለዎት?» አሉኝ አላፊዎች ሁሉ።

«ሰው ቀለም የሚለው የሚጮኸውን ብቻ ነው»
አለች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፤
«ዝም ያለውም ቀለም ነው።
ነጭ አንድ ይመስልሃል?
የኖራው ሌላ፣ የእርጎው ሌላ፣ የጥርስህ ሌላ።
ቡኒም እንዲሁ፤ ቀይ ያረገዘ አለ፣
ሰማያዊ የደበቀ አለ፣
የዝገት ዘመድ አለ።
አንተ ጠይም ነህ፤ ቀይ ዳማ አይደለህ፤
ከሥር ግን ሙቀት አለህ፣ ጀምበር የነከረህ።
ጸጉርህ ገብስማ ነው፤ ቀለም አትቀባው፣ ይቆይ፤
ጨርቅ ይመረጣል፣ ለባሹ ሳይታይ?»

«ሰው ምን ይላል?» አለች ልጄ።
«ሰው ጨርቁን ካየ፣ ጨርቁ አሸነፈ ማለት ነው።
ፊቱን ካየ፣ ሰፍቻለሁ።»

ከዘንቢሉ ግርጌ፣ የተጨማደደች፣
መዳፍ የምታህል፣ አንዲት ቁራጭ ቀረች።
ቡኒ ናት እንዳልል፣ ወይራ ነካክቷታል፤
ወይራ ናት እንዳልል፣ አፈር ይጎትታታል፤
የአምባዛ ጀርባ ናት፣ ከመረብ ሲወጣ።
አንገቴ ሥር ስትሆን፣ ልጄ «ኧረ መጣ!
ፊትህ መጣ!» አለች።

መስተዋት አልነበረም።
ጎንበስ ብዬ ውሃውን አየሁ።
ኅዳር ነው፤ ድፍርሱ ሰክኗል፣
ገና አልጠራም፤
ጨርቋና ውሃው አንድ መልክ ነበሩ።
ይህን ሁሉ ዘመን ያየሁት ቀለም
የኔ መሆኑን ማንም አልነገረኝ።

ጥቁሩ ሱፍ ለአማቼ ሆነ፤
እሱ ቀይ ነው፣ ያምርበታል።

በማግስቱ ማለዳ፣ ልኬቱን አንብቤ፣
ቁጥሩን በቦታው፣ እንደ ወትሮ ከትቤ፣
ኅዳጉ ላይ ደግሞ፣ በቀጭን ጽሕፈት፣
«አምባዛ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከቀኑ በስተፊት።
ኃላፊው እስካሁን ምንድን ነው አላለኝም።

ዛሬ ጠዋት ነፋስ ነበር፤
ጥቁሩ ውሃ ጫፍ ጫፉ ነጥቶ፣
ከዘጌ እስከ ወደቡ ይመጣል።
ቁጥሩን ጻፍኩ።
ከጎኑ፦ ገብስማ።