ሳታጥቢው መልሺው

ቁጭ በይ፣ ሂንዲያ፤ መንገዱን ልንገርሽ፣
ያቺን ቁልፍ ያዢልኝ፣ ሰንሰለቱን ዘይት እስክቀባልሽ።

ከዚራ ላይ ሳለሽ ጉልበት አታባክኚ፣
ሜዳ ነው፣ ጥላ ነው፤ እንደ ውሃ ሁኚ።
ድሬ ሜዳ ናትና ብስክሌት ጫማችን ነው፣
ዳቦ ገዝተንበት፣ ለቅሶ ደርሰንበት፣
ማታ በር ላይ የምናወልቀው።

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ውጪ፣ ፀሐይ ሳታይሽ፣
ካየችሽማ አቦ፣ እስከ ዳገቱ ወገብ ነው የምትሸኝሽ።
ደንገጎ ሲጀምር አትቁጠሪ ኩርባዎቹን፣
የቆጠረ ሁሉ ይጥላል ትንፋሹን።
የጫት አይሱዙ ግን ቀልድ አያውቅም፣ አደራ፣
ጥሩምባውን ስትሰሚ ውረጂ፣ ቁሚ ከድንጋዩ ጋራ።
እሱም የሚከንፈው ለቅጠል ነው፣ አንቺም የምትወጪው ለቅጠል፤
የሱ ቀትር ከቀደመው ይጠወልጋል፣
ያንቺው ቆሞ ይጠብቅሻል።

ከኩርባዎቹ ባንዱ ላብሽ ይቀዘቅዛል፣
ግራሩ ወደ ኋላ፣ ቁልቋሉም ይቀራል።
ዘወር ብለሽ ብታዪ፣ ድሬ ከነአቧራዋ
የተነጠፈች ሰሌን ናት፣ ደቻቱ ቀዳዳዋ።
አትሳቂባት።
ከተማ ከላይ ሲያዩት ሁሉም ምስኪን ነው።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣
የግራው አወዳይን አልፎ ሐረር ይገባል።
አንቺ ቀኙን ያዢ፣ የቁልቢውን መስመር፣
ጥዱ ከዚያ ይጀምራል፣ ከቀዝቃዛው አፈር።
ላንጌ፣ ቀርሳ፣ ግራዋ፤ ከዚያ ጠጠሩ ይብሳል፣
ማርሹን አቅልዪው፣ ኩራትሽን ጣዪው፣
ወርዶ መግፋትም ያምራል።
ጋራ ሙለታ ከሩቅ ጥቁር ነው፣ ሲቀርቡት አረንጓዴ፣
ዝግባው ዝም ብሏል፣ ጥዱ ጢም አውጥቷል፣
ጉም ይወርዳል አንዳንዴ።
ጉሬዛ ሲያጓራ ሞተር መሰለኝ ብለሽ ዳር አትውጪ፣
እዚያ አይሱዙ የለም፤ አርፈሽ ዛፍ ስር ተቀመጪ።

ምነው ሳቅሽ?
«አንተስ ስንቴ ወጣህ?» አልሽኝ?

ቁልፉን አቀብዪኝ።

ከደንገጎ በላይ፣ ከመንታ መንገዱ ወዲያ
እኔ አልረገጥኩም፣ ሂንዲያ።
አንዴ ከረምዚ ጋር እስከዚያ ድረስ ወጣን፣
ባለ አንድ ማርሽ ፊኒክስ፣ በኪሳችን ብርቱካን።
እሱ ቀኙን ያዘ።
እኔ ሱቄን አሰብኩ፤ ሦስት ብስክሌት ውጭ ነው፣
ያንዱ ተከራይ ቤቱን እንኳ አላውቀው፣
አልኩና ዞርኩ። ማንም አላባረረኝም።
ቁልቁለቱ ግን ጣፈጠኝ፤
ይኸው ነው ጥፋቴ፣ ጣፈጠኝ።

በሦስተኛው ቀን ረምዚ መጣ፣
«ምን አየህ?» ብለው፣
«ሂድና እየው» ብሎኝ ወጣ።
ከኮርቻው ስር ግን አንዲት ቅጠል ተጣብቃ ቀርታ ነበር፣
ስሟን ዛሬም አላገኘሁት፤ ከሂሳብ ደብተሬ ውስጥ ትኖር ነበር፣
ብል በላት።

ታዲያ መንገዱን ከየት አወቅከው ትዪኝ ይሆናል።
ብስክሌት ሲመለስ ብዙ ነገር ያወራል።
ቀይ ጭቃ ከያዘ፣ ቀርሳ ላይ ዘንቧል፤
የፍሬኑ ጎማ ካለቀ፣ ነጂው ቁልቁለት ፈርቷል፤
ሽቦው ላይ የጥድ መርፌ፣ ፔዳሉ ላይ ሽበት፣
ሰላሳ ዓመት ሙሉ፣ እዚህ በርጩማ ላይ፣
ደኑን በጨርቅ እየጠረግሁ አነበብኩት።

እና ኪራዩን ግማሹን ተዪው፣
ለሌላው ግማሽ ግን ውለታ አለብሽ፦
ስትመለሺ ደቻቱ ዳር ልጆቹ ባልዲ ይዘው ይጠሩሻል፣
«እህት፣ እንጠብልሽ፣ ያበራል» ይሉሻል፤
እለፊያቸው።
ጭቃውን፣ መርፌውን፣ ጢሙን እንደተሸከመ
ሳታጥቢው መልሺው።

በይ ፓምፑን አምጪ፤
የኋላው ጎማ ትንሽ ጎድሎታል።