አውራ ጣት ያነበበው

ሺውሊ፣ ደብተሩን ተዪው፤ በጀልባው ወለል ላይ ይቀመጥ፤
ቆዳ በጽሑፍ አይገባም፤ በእጅ ካልነኩት አይገለጥ።
ሜግናን ተሻግረን ስንደርስ፣ ሴቶቹ ይሰለፋሉ፤
አንዷ እጇን በሳሪ ትሸፍናለች፣ ሌሎቹ ይጠቋቆማሉ።

ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፣ በጣት መሐል የሚሄድ፣
ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፍ፣ በአንድ ምንጣፍ የሚዋለድ፣
እሱ እከክ ነው። መድኃኒቱን መላው ቤት አብሮ ይቀባ፤
አንዱ ብቻ ከታከመ፣ በሌላው በር ዞሮ ገባ።

ቀለበት ሠርቶ የሚሰፋ፣ ዳሩ ቀልቶ ያበጠ፣
መሐሉ የዳነ መስሎ ወደ ውጭ የሮጠ፣
ጭርት ነው። ትከሻ ላይ ያለው፣ ዱቄት የነሰነሱበት
የሚመስለው ቋቁቻ ነው፤ ሕመም የለው፣ ሐፍረት ነው ያለበት።

ዓይኗን አስጨፍነሽ በጥጥ ጫፍ ነጣ ያለውን ስትነኪ፣
ካልተሰማት፣ ሥጋ ደዌን ጠርጥሪ፤ ሳትጮኺ ወደ ሐኪም ላኪ።
እሱም ይድናል። ይህንን ከክኒኑ አስቀድመሽ ንገሪያት፤
ከቁስሉ ይልቅ ብዙዋን፣ ስሙ ነው አልጋ የነሳት።

ይህን ሁሉ ተምሬ ነበር
ወደ ሞርጂና ቤት ስገባ።
ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው።

ባሏ መልሷት ነበር፣ ከሠርግ ሣጥኗ ጋር፤
ያለ ልጇ፣ ያለ ቃል። ከጓሮ፣ ከላሞቹ ዳር
ተኝታ አገኘኋት። "ቁምጥና ነው አሉኝ" አለች፤
ኩባያዋ ለብቻዋ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች።

ደረቷን ገልጣ አሳየችኝ፦ ደረቅ አቧራ ላይ ወርዶ
ካፊያ ያባራ ይመስላል፤ ጥቁርና ነጭ ተዋህዶ።
በጥጥ ነካኋት፤ "ተሰማኝ።" በዶሮ ላባ፤ ሳቀች፤
ከስንት ወር ወዲህ ይሆን፣ የራሷን ሳቅ የሰማች።

ከዚያ መዳፏን ያዝኩና አውራ ጣቴን ጎተትኩበት፦
ዓይን የማያየው ሰናፍጭ፣ ከቆዳው ሥር የዘሩበት፣
ጠጣር፣ ጠጣር።
"ይህ አይጋባም" አልኳት።
"ታዲያ ከየት መጣብኝ?"
"ከምትጠጪው ውሃ ይሆናል።"
"የምጠጣው" አለች፣ "ከአባትሽ ጉድጓድ ነው።"

ከኩሬ ስንጠጣ፣ ኮሌራ ሁለት ወንድሞቼን ወሰደ፤
አባቴ ኢክላሱዲን በሬዎቹን ነድቶ ገበያ ወረደ፤
ቧንቧ ገዛ። መሬት ወጋ። ውሃው ጥርት ብሎ ሲፈልቅ
መንደሩ አጨበጨበ፤ እሱ ፊቱን አዞረ፣ እንባውን ሲደብቅ።
ማን ያውቃል፣ ከታች ያለው ደለል አርሰኒክ እንደቋጠረ?
ሽታ የለው፤ ጣዕም የለው፤ የጠጣ ሁሉ ሲመርቅ ኖረ።

የናሙናው ውጤት መጣ። ፓምፑን ቀይ የቀባሁት እኔ ነኝ፣
ከአፉ እስከ እጀታው፣ በገዛ እጄ።
ብሩሽ እንደዚያ ይከብዳል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።
አባቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አየኝ።

"አባ፣ እስቲ መዳፍህን" አልኩት። ጨበጠ።
ሦስት ቀን ጨብጦ ዋለ፤
ማንኪያ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ሩዙን በማንኪያ በላ።
በአራተኛው ቀን ሰግዶ ሲያበቃ፣ ለዱዓ ሁለት እጁን ዘረጋ፤
እኔ ከጎኑ መቆሜን አይቷል።
አላጠፋቸውም።
ስንቱን ዓመት እንደጠጣ፣ አውራ ጣቴ ቆጠረ።

ሞርጂና? አረንጓዴ ከተቀባው ትቀዳለች፣ ሩቅ ነው።
ካፊያው ትንሽ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ባሏ አልተመለሰም።
ልጇ ግን አሥራ ሁለት ሲሞላው በራሱ እግር መጣ፤
መጀመሪያ የጠየቃት ውሃ ነው።
ኩባያውን ከምስማሩ ስታወርድ ነበርኩ።

ደረስን። ገመዱን ያዢልኝ።
እጅሽንም በብብትሽ አሙቂው፤
ብዙ ጊዜ ሳትነካ የኖረች ሴት፣
ቀዝቃዛ ጣት ያስደነግጣታል።