በኩርባ ሂሳብ

የካርዲፉ ካሚዮን ድልድዩን ዐየና
ዕቃዬን ከጭቃው ዘርግፎ ሄደና
ካፊያው ጀመረ።

“ኢድዋልን ጥሪው” አለችኝ ባለሱቋ።
መጣ በትራክተር፣ የእህቱን ልጅ ይዞ፣
ኔሪስን፤ ገመዱ ትከሻዋ ላይ ተጠምዝዞ።

“ዋጋህ ስንት ነው?” ብለው ዳገቱን ቃኘና
“በሰዓት አልሠራም፣ በኩርባ ነው” አለ፤
ሰባት ጣት አጠፈ።
“ስምንተኛው ነጻ ነው፤ እዚያ ሁሉም ይገፋል።”

ገፋሁ። በጎች ቆመው ታዘቡኝ።

ቁም ሳጥኔ ከደጅ ሲደርስ ቆቡን አወለቀ፤
“በዚህ በር አይገባም” — ሳይለካ ዐወቀ።
“እናቴ የወጣችው በዚያ በመስኮቱ ነው።
እሱም ሳጥን ነበር፤
የቆመ አይደለም እንጂ።”

ኔሪስ ቃል ሳትተነፍስ ጉጠቷን አወጣች፣
መስኮቱን ከነፍሬሙ ቀስ አድርጋ አነሣች።

ማታ ሂሳብ ሲሆን ሰባት ኩርባ ቆጠረ፤
የመስኮቱ ቀረ።