ቆየሽ

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ጅማን ይወቅጣታል፣
መብራት እንደ እንግዳ ጎራ ብሎ ይወጣል፤
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከመዝገብ ክፍሉ ጥግ፣
ተቀምጫለሁ እኔ፣ ስህተቴን ስፈልግ።

እንዲህ ይላል ስክሪኑ፦
«ታካሚ ሰባ አራት፤ ዘምዘም አባ ፊጣ፤
የጠበቁት ጊዜ፦ ሲቀነስ አርባ ደቂቃ።»

ሲቀነስ አርባ!
ወረፋ ሳይዙ፣ ከቤት ሳይነሱ፣
ከሰቃ ያመጣቸው ሚኒባስ ሳይሞላ፣
ጫማቸው ጭቃ ሳይነካ፣
ታክመው ተመለሱ።

ሴትዮዋን አይቻቸዋለሁ።
ከአግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ፌስታል ታቅፈው፣
ሁለት ሙሉ ሰዓት፣
አንዴ በግራ ጎን፣ አንዴ በቀኝ ተደግፈው፤
ስማቸው ሲጠራ የሌላ ሰው መስሏቸው
ዝም ብለው ነበር።
ቁጥሩ ነው የዋሸው። ወይም እኔ፣ በቁጥሩ።

ሥራው ቀላል ነበር፤
ሲመጡ ሰዓት ያዝ፣ ሲገቡ ሰዓት ያዝ፣
ከኋለኛው ላይ የፊተኛውን ቀንስ፤
ልጅ የሚያውቀው ሒሳብ።
ግን ሌሊት መብራት ሄዶ፣
የሰርቨሩ ባትሪ፣ ያቺ ሳንቲም የምታክለው፣ ደክማ ኖሮ፣
ማሽኑ ቀኑን ሁሉ ረስቶ ነቃ።
በግድግዳው ሰዓት አይቼ ሞላሁት፣ እኔው ራሴ፤
የግድግዳው ሰዓት የሚቀድም መሆኑን ማን ነግሮኝ?
ረፋዱ ላይ ኔትወርክ ተመለሰና
ልጓሙን ጨብጦ
ሁለት ሰዓት ከአርባ ወደ ኋላ ሳበው።

አማርኛችንም አላገዘኝ፤
መሣሪያውም ሰዓት፣ ነጥቡም ሰዓት፣ ርዝመቱም ሰዓት፤
«ስንት ሰዓት ነው?» እና «ስንት ሰዓት ፈጀ?»
አንድ ቃል ያስጠጋቸው ሁለት ባዳ ናቸው።

ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሌላ ሰዓት አለ፤
ዓመተ ምሕረት የማያውቅ፣ ሐምሌን ከጥር የማይለይ፣
ጠዋቱ አንድ ይሁን ሰባት ደንታ የሌለው፣
ማንም የማይሞላው፣ ማንም የማያርመው።
ከነቃባት ቅጽበት ጀምሮ ይቆጥራል፣ ይቆጥራል፣
ወደ ፊት ብቻ።
ስንት ሰዓት ነው ቢሉት፣ ዝም።
ስንት ቆየ ቢሉት፣ እስከ ሽርፍራፊዋ።

ሁለት መስመር ለወጥሁ። ሞከርሁ።
የመጀመሪያው ዙር ሁሌም ይዘገያል፣ እንደ ጠዋት ሞተር፤ ጣልሁት።
መለካቱ ራሱም ጊዜ ይበላል፣ ጥቂት፤ ያንንም ቀነስሁ።
ዘጠኝ መቶ ዙር፤
አንዱም ከዜሮ በታች አልወረደ።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጣሁ።
አወይቱ ሞልቷል፤ ድልድዩ ላይ ባጃጆች ተጣብቀው
እርስ በርስ ይሳደባሉ በጥሩንባ።

አባቴ ራህመቶ፣
መርካቶ በረንዳ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዎች መሐል፣
አጉሊውን ዓይኑ ላይ ተክሎ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
የከተማውን የእጅ ሰዓት ሲፈታ ሲገጥም የኖረው፣
አሁን ቀን ጠፍቶበታል።
ማክሰኞ ዕለት ለጁምዓ ይታጠባል፤
ወንድሜን በአጎቴ ስም ይጠራል፤
እናቴ ገበያ እንደሄደች ናት፣
ካለፈች አራት ዓመቷ።
ያቺ ሳንቲም የምታክለው፣ እሱም ላይ ደክማለች፤
ብንሞላው፣ ብንሞላው፣ አያድርበትም።

በሩን ስገፋ፣
ጨለማው ውስጥ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማው ላይ ነበር።
ቀና አላለም።
ስሜንም አልጠራ።
ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ የዋለ ሰው ድምፅ፦
«ዛሬ ቆየሽ።»

ቆየሁ፣ አባዬ።
በልቤ ቀነስሁ፤
ከሌላው ቀን በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ።
ልክ ነው።

እርጥቡን ጃኬቴን ሚስማሩ ላይ ሰቀልሁ፤
ሻማ ፈልጌ፣ ክብሪት ፈልጌ፣
ሳልለኩሰው፦

«እናትሽስ?» አለኝ።
«እሷም ቆየች።»