አስተናግር

ከሐርቡ ነው ያመጡት፣ ከቲማቲም ማሳ፣
ደሴ ገባ በሌሊት፣ ጉም ሲለብስ ጦሳ።
ያዘለው ፓምፕ አፍስሶ፣ ጀርባው ርሶ ኖሮ፣
እንባ፣ ምራቅ፣ ላብ ሆኖ፣ ይወጣል ዞሮ ዞሮ።
የዓይኑ ብሌን ጠባ
የጤፍ ቅንጣት አክላ።

እኔ ምድር ቤት ነኝ፣
መሣሪያው ሲያንሾካሹክ በሚያድርበት ክፍል።
ወርቅያ ከላይ ትወርዳለች፣
ብልቃጥ ደም በበረዶ ይዛ፦
አራጋው እብሬ፣ ሠላሳ አራት ዓመት።
አሽከረክረዋለሁ። ቀዩ ይዘቅጣል፣
ጭድ የመሰለው ከላይ ይጠልላል፤
ከሱ አጥርቼ፣ ከእንባ ያነሰች ጠብታ
ለዓምዱ እሰጣለሁ።

ጣት የምታክል ዓምድ፣ ግን ኬላ ናት፤
እንደ ኮምቦልቻው ኬላ ሁሉን ታስቆማለች፣
አንዱን ቶሎ ትለቃለች፣ አንዱን ታጉላላለች።
አትሮፒን ሆዬ፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው መሰል፣
በአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያልፋል።
ያኔ ስክሪኑ ላይ፣ ከሜዳው መሐል፣
አንዲት ትንሽ ጦሳ ብድግ ትላለች።
ስፋቷን እለካለሁ።
በደሙ የሚዞረው መድኃኒት ያ ነው።

ሚስቱ ሰዓዳ በሩ ላይ፦ «ደሙ ምን አለ?»
ቁጥር እንዴት ይነገራል?
«ገና ነው» አልኳት፤ እውነትም ገና ነበር።

ይኼው መድኃኒት እኮ፣ በየአጥሩ ሥር፣
አስተናግር ውስጥ አለ፣ ነጭ አበባው ሥር፣
«እንዳትነኩት፣ ያሳብዳል!» ስንባል የኖርነው።
ዛሬ መርዝ ለመርዝ ዋስ ሆኖ ቆመ፣
ዋሱም ከበዛ ግን ራሱ ባለዕዳ ነው።
የምለካው ለዚህ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
አራተኛዋ ጫፍ እኩሌታ ላይ ቀረች፣
ጄኔሬተሩም ዝም።
በደረጃው እየዳበስኩ ወጣሁ።
ወርቅያ መዳፏን ብብቱ ሥር ሰዳ
በስልክ መብራት ሰዓቷን ታያለች።
«ደርቋል» አለች። ጠብታውን ቀነሰች።
እሱም ማውራት ጀመረ፦
ሳጥን ይቆጥራል፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣
ከሞተች ሦስት ዓመቷ የሆነ አህያ ይቆጣል።
ሰዓዳ ሳቀች፣ አለቀሰች፣
«አሥራ ሦስትን ዘለልክ» አለችው።

ሲነጋ መብራት መጣ።
ከበረዶው የተረፈውን ደም ሰጠሁት፤
ጫፏ ከሁሉም ረዝማ ወጣች፣
መዳፍ በሌሊት ያወቀውን ልትነግረኝ።
መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ጻፍኩ።
ከጎኑ፣ በእርሳስ፦
ብብቱ ደረቀ። ወርቅያ፣ 9፡10።