የግራው ቤት

ቡሬ፣ ከወፍጮው ጓሮ፣ ሁለት የሽቦ ቤት፤
አንዱ ግራ ቆሟል፣ አንዱ ከቀኝ በኩል፣ ካጥሩ በስተፊት።
በግራ ሠላሳ፣ በቀኝም ሠላሳ፣
ድርጭት ነው ጫጩቱ፣ ከጥጥ የሚሳሳ።
የተፈለፈሉ ለት ሚዛን ላይ አወጣኋቸው፤
ሰባት ግራም፣ ስምንት፤ ይህ ነው ክብደታቸው፣
ካንድ ቀለበት ጋራ ይተካከላል አንዳንዳቸው።

ምንይችል ባለሙያው ከግራው በር ቆሞ
«አሥራ ስድስት» አለ፤ ከቀኙ ደግሞ
«ሃያ አራት» ጻፈ በቀይ እርሳስ አድምቆ።
«ፕሮቲን ነው፣ ትርንጎ፣ ከመቶ ያለው እጅ፤
ሥጋ የሚሆነው እሱ ነው፤ ሌላው ማገዶ እንጅ።»

ለግራው በቆሎ፣ ፉርሽካ በጣሳ፤
ለቀኙ የኑግ ፋጉሎ፣ ከጣና የመጣ የደረቀ ዓሣ፣
ግብጦም አለበት፣ ያ መራራው ግብጦ፣
አምስት ቀን ፈጣም ውስጥ በጆንያ ተቀምጦ
ምሬቱን ለወንዙ፣ ለውኃው አውርሶ፣
ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ እንደ ሰው ታግሦ።

በሰባተኛው ቀን ልዩነት አልነበረ።
ባሥራ አራተኛው ቀን የቀኙ ቤት አማረ።
ግራው ግን ይበላል፣ ቀን ሙሉ አይጠግብም፣
ደረቱ አይሰፋም፣ ላባው አይደርብም፤
የጎኑን ወንድም ላባ ነጭቶ ይውጣል፣
ያጣውን ከገዛ ወንድሙ ያወጣል።

ተማሪ ቤት ሳለሁ ሁሌ ፊት ወንበር ነኝ፣
«ጎበዝ ናት» ይል ነበር የሩቅ ሰው ሲያየኝ፤
ቁመቴ ነው እንጅ ወደ ፊት ያመጣኝ።
ወተቱ ላንዳርጌ፣ ለወንዱ ልጃቸው፣
አጓቱ ለእኔ ነው፤
ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንዲህ ነው ልማዳቸው።

በሃያኛው ሌሊት ባትሪዬን አበራሁ፣
ከቀኙ ጆንያ አንድ ጣሳ ቀዳሁ።
አንድ ብቻ ብዬ፤ በማግስቱ ሁለት፤
ሌባ እንደሁ ሌባ ነኝ፤ ሌላ ስም ያለው ሰው ያውጣለት።
ጸጥ ባለው ሌሊት የምንቃር ካፊያ
ቆርቆሮው ላይ ዘንቦ አደረ፣ በግራው ማደሪያ።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ሁሉም ተመዘነ፤
ቀኙ መቶ ሰባ፣
ግራው መቶ ሃምሳ ሆነ።
ምንይችል መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፦
«መቶ ሃያም አይሞላ ብዬ ነበር፤ ይሄ በምን አደገ?»
ሚዛኑን ገልብጦ ባትሪውን ቀየረ፤
ደግሞ መዘነና ደግሞ ተቸገረ።
ደብተሩ ላይ ጻፈ፦ «ምክንያቱ አልታወቀም።»
እኔ ዝም አልሁ፤ የዓሣው ሽታ ካጄ በሳሙና አይለቅም።

ሃያ ግራም ጎድሏል፣ ግራው ከቀኝ ቢለካ፤
የፊተኛው ሃያ ቀን ነው፤ እሱ አይተካ።
በባትሪ ቢፈልጉት፣ በጣሳ ቢቀዱት፣
አይገኝ።

ምንይችል ሄደ። ጣሳውን ልመልስ፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣
ብዬ ተንጠራራሁ፤
እንደ ልማዴ
በርጩማ አመጣሁ።